ከርል፣ ደብሊውጌት፣ አርሲንክ ወይስ ኔትካት? በተርሚናል ፋይል ለማውረድና ለመላክ የቱን እንምረጥ

በተርሚናል (ትዕዛዝ እየጻፍን ኮምፒውተሩን በምናዝበት መስኮት) ፋይል ማውረድ የፈለገ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል። አንዱ ከርል ተጠቀም ይለዋል። ሌላው ደብሊውጌት። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ተዋቸውና አርሲንክ ልመድ ይለዋል። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ሥራ ነው። ስለዚህ "የቱ ይበልጣል?" የሚለውን ክርክር እንተወውና ሁለት ነገር እንጠይቅ። ፋይሉ ያለው የት ነው? ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቋረጥስ ምን ይሆናል?

ሁለተኛዋ ጥያቄ እኛ ጋ ቀልድ አይደለችም። 6 ጊጋ ከሚሆን ፋይል 5 ጊጋው ወርዶ መብራት ሲሄድና ራውተሩ ሲጠፋ፣ ከዜሮ መጀመር ማለት ሌሊቱንም ፓኬጁንም ውሃ በላው ማለት ነው።

በአጭሩ እንዲህ ነው። ፋይሉ ድረ ገጽ ላይ ካለና ማውረድ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ደብሊውጌት። ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ) መሞከር ወይም ለሰርቨር ዳታ መላክ ከሆነ፣ ከርል። በኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ማሽን በተመሰጠረ መስመር በሚያስገባው መንገድ) የምትገቡበት የራሳችሁ ማሽን ከሆነ፣ አርሲንክ። ፖርት (ፕሮግራም በኔትወርክ የሚገናኝበት ባለ ቁጥር በር) ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውን ለማየት ደግሞ ኔትካት። ችግር የሚመጣው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ትዕዛዞቹን እዚህ በአጠራራቸው በአማርኛ ነው የምጽፋቸው፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው። ከርል ማለት ሲ፣ ዩ፣ አር፣ ኤል። ደብሊውጌት ደብሊው፣ ጂ፣ ኢ፣ ቲ። አርሲንክ አር፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ። ኔትካት ሲተየብ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ኤን፣ ሲ። "ሰረዝ ሲ" ካልኩ ትንሿን ፊደል ነው፤ ካፒታሉን ስፈልግ "ትልቁ ሲ" እላለሁ። ይህን አትናቁት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል እዚህ ሰፈር ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት።

1. መጀመሪያ ምን እንዳላችሁ እዩ

የመሣሪያውን ስም ጻፉና ክፍት ቦታ ትታችሁ ሁለት ሰረዝ ቨርዥን ጨምሩበት። ቁጥር ካመጣ አለ ማለት ነው። ኔትካት ላይ ይሄ ላይሠራ ይችላል፤ እሱን ሰረዝ ኤች በሉት።

ማክ ላይ ከርል አብሮ ይመጣል፣ ደብሊውጌት ግን የለም፤ በሆምብሪው (የማክ ፕሮግራም መጫኛ) ጫኑት። ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ ደብሊውጌት ይገኛል፣ ከርል ላይኖር ይችላል፤ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ከርል በቂ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ ከርልን ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ነባሩ ፓወርሼል ከርል ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው ከርል አይደለም፤ በዚያ ስም የተሰየመ የፓወርሼል የራሱ ትዕዛዝ ነው፣ ኦፕሽኖቹም ሌላ ናቸው። ከርል ነጥብ ኢኤክስኢ ብላችሁ ጻፉ፣ ይገላገላችኋል። አርሲንክ ለምትፈልጉ የዊንዶውስ ሰዎች ቀላሉ መንገድ በደብሊውኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው መሣሪያ) ውስጥ ሊኑክስ መጫን ነው።

2. ትልቅ ፋይል ከድረ ገጽ ስታወርዱ፦ ደብሊውጌት

የኡቡንቱን ዴስክቶፕ አይኤስኦ፣ ማለትም መጫኛውን ፋይል፣ እንደ ምሳሌ እንያዝ። የ24.04ቱ 6 ጊጋ አካባቢ ነው፤ በብሮውዘር ማውረድ ይቻላል፣ ግን ታቡ ሲዘጋ ወይም ላፕቶፑ ሲተኛ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ሊንኩን ኮፒ አድርጉና ሁልጊዜ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገቡት። ሁልጊዜ! ሊንኩ ውስጥ & ካለች ተርሚናሉ "እስከዚህ ያለውን ከጀርባ አስኪድ" ብሎ ነው የሚረዳት፤ ሊንካችሁ እዚያች ላይ ይቆረጣል፣ በቅንፍ ውስጥ 1 ቁጥርና ከጎኑ ሌላ ረዘም ያለ ቁጥር ይታያችኋል፣ ከዚያ የወረደው ፋይል ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ይሆናል። ጥቅስ ካለ ይሄ ሁሉ የለም።

ከዚያ ደብሊውጌት፣ ሰረዝ ሲ፣ ሊንኩ። አለቀ። ሰረዝ ሲ "ከቆመበት ቀጥል" ነው። ደብሊውጌት ዲስካችሁ ላይ ያለውን የፋይሉን መጠን ያይና ሰርቨሩን "ከዚህ ባይት በኋላ ያለውን ስጠኝ" ይለዋል። ሰርቨሩ ከተስማማ 206 የሚል ቁጥር ይመልሳል፣ የቀረው ብቻ ይወርዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ያንኑ ትዕዛዝ ድገሙት፤ ወደ ላይ የምታሳየውን ቀስት ተጭኖ ኢንተር ማለት ብቻ ነው።

ሁሉም ሰርቨር ግን አይስማማም። አንዳንዱ መቀጠል አያውቅም፣ ከመጀመሪያው ይልክላችኋል። ትልቅ ፋይል ከመጀመራችሁ በፊት ይህን በአምስት ሰከንድ ማወቅ ይቻላል፦ ከርል፣ ሰረዝ ትልቁ አይ፣ ትልቁ ኤል፣ ሊንኩ። ፋይሉ አይወርድም፤ ስለ ፋይሉ ያለው መረጃ ብቻ ይመጣል። ከሚመጡት መስመሮች መሀል አክሰፕት ሬንጅስ የሚል ፈልጉ። ከጎኑ ባይትስ ካለ መልካም ነው። ነን ካለ ግን ይሄ ፋይል በአንድ ትንፋሽ መውረድ አለበትና ኔትወርክ የሚረጋጋበትን ሰዓት ጠብቁ። መስመሩ ጨርሶ ከሌለ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

አሁን ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ሁለት ቁጥሮች ላውራ። ደብሊውጌት ሲቋረጥበት ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ካልነገራችሁት 20 ጊዜ። ሰረዝ ቲ 0 ካላችሁት ሳይታክት ይሞክራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ኔትወርኩ በይፋ ሳይቋረጥ ዝም ሲል፣ ማለትም ዋይፋዩ አለ ይላል ግን ወፍ የለም በሚሆንበት ጊዜ፣ ደብሊውጌት 900 ሰከንድ ይጠብቃል። 15 ደቂቃ ሙሉ! እናንተ እየወረደ ነው ብላችሁ ተኝታችኋል፣ እሱ ዝም ብሎ ቆሟል። ሰረዝ ትልቁ ቲ 30 ጨምሩበት፤ 30 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ቆርጦ እንደገና ይጀምራል። በሌሊት ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ኦፕሽን አላየሁም።

ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋ ግን እነዚህ ሁሉ እያሉም ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ጠዋት ተነስታችሁ ድገሙት፣ የወረደው የትም አይሄድም።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ኢንተርኔት ከፈለገ ሁለት ሰረዝ ሊሚት ሰረዝ ሬት ብላችሁ 300ኬ ስጡት፤ በሰከንድ ከ300 ኪሎባይት አያልፍም። ጠብም ይቀንሳል።

ሌላ ወጥመድ፣ ይሄ የስም ጉዳይ ነው። ፋይሉን በሌላ ስም ለማስቀመጥ ደብሊውጌት ላይ ትልቁ ኦ ነው፤ ከርል ላይ ትንሹ ኦ። ደብሊውጌት ላይ ትንሹን ኦ ከተጠቀማችሁ የሚጻፈው ፋይሉ ሳይሆን የሥራው መዝገብ ነው። የፊልሙን ስም በሰጣችሁት ፋይል ውስጥ "ይህን ያህል ፐርሰንት ወረደ" የሚል ጽሑፍ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ ፊልሙ ደግሞ ሰርቨሩ በሰጠው ስም ጎን ላይ ተቀምጧል። ከርልና ደብሊውጌትን ቀላቅሎ የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ደብሊውጌት ከርል የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ሙሉ ድረ ገጽ ከነቅርንጫፉ ያወርዳል። አንድ የፕሮግራሚንግ ማኑዋል ኢንተርኔት በሌለበት ማንበብ ከፈለጋችሁ፣ ሰረዝ አር፣ ኤን ፒ፣ ኬ፣ ፒ ለየብቻቸው ሰረዝ እየሰጣችሁ አስገቡ። አር ሊንኮቹን እየተከተለ ያወርዳል፣ ኤን ፒ ከያዛችሁት ፎልደር ወደ ላይ እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ኬ ሊንኮቹን ኮምፒውተራችሁ ላይ እንዲሠሩ ያስተካክላል፣ ፒ ደግሞ ሥዕሎቹንና ማስዋቢያዎቹን ያመጣል። ኤን ፒን ከረሳችሁ ወደ ላይ ወጥቶ ሙሉ ጣቢያውን ማውረድ ይጀምራል፤ ፓኬጃችሁን ተሰናበቱት። ሰረዝ ደብሊው 1 ጨምሩ፣ በየመሀሉ አንድ ሰከንድ ያርፋል፤ የሰው ሰርቨር ማጨናነቅ ነውር ነው። በጃቫስክሪፕት የሚሠሩ ገጾች ላይ ግን አትድከሙ፣ ባዶ ገጽ ነው የሚመጣላችሁ።

አሪያ ቱስ? የሚል አይጠፋም። አሪያ ቱ አንድን ፋይል በብዙ መስመር ከፋፍሎ ያወርዳል፣ ቶረንትም ይችላል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት የሚገድብ ከሆነ በጣም ይረዳል። የእናንተ መስመር ራሱ ቀርፋፋ ከሆነ ግን 16 ቦታ ብትከፍሉት ያው ነው።

3. የወረደው ፋይል ትክክለኛው መሆኑን አረጋግጡ

ኡቡንቱ ከአይኤስኦው ጎን ሻ 256 ሰምስ የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ውስጡ የእያንዳንዱ ፋይል አሻራ አለ። ሊኑክስ ላይ ሻ 256 ሰም የሚለውን ትዕዛዝ፣ ማክ ላይ ደግሞ ሻሰም ሰረዝ ኤ 256ን በወረደው ፋይል ላይ አስኪዱና ረጅሙን ቁጥር ከዚያ ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ አይሆንም።

በተለይ እየተቆራረጠ በቀጠለ ፋይል ላይ ይህን አትዝለሉ። መሀል ላይ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል በአዲስ ተተክቶ ከሆነ፣ ግማሹ የድሮው ግማሹ የአዲሱ የሆነ ፋይል ነው የያዛችሁት። መጠኑ ልክ ሊመስል ይችላል፤ ፍላሽ ላይ ስትጭኑት ነው የሚያስለቅሳችሁ።

ሌላም አለ። የወረደው ዚፕ አልከፈት ካለና መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ ፋይል የሚባለውን የሊኑክስና የማክ ትዕዛዝ ስሙን ሰጥታችሁ አስኪዱት። ኤችቲኤምኤል ነው ካላችሁ ዚፕ ሳይሆን የስህተት ገጽ ነው ያወረዳችሁት፤ ብዙ ጊዜ ሊንኩ ጊዜው አልፎበታል ወይም መጀመሪያ ሎግኢን ይፈልጋል።

4. ከሰርቨር ጋር ለመነጋገር፦ ከርል

ከርልን የሚመራው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ነው፤ በዚህ ስም የወጣው በ1998 ነው። ዛሬ ስልኮች፣ ቴሌቪዥኖችና መኪናዎች ውስጥ ሳይቀር የእሱ ላይብረሪ አለ። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ባሕርዩ ነው፦ ከርል ካልነገራችሁት በቀር ምንም አያደርግም። ፋይል አስቀምጥ ካላላችሁት ስክሪኑ ላይ ይዘረግፈዋል። ሊንኩ ወደ ሌላ ሊንክ ከተዛወረ ተከተል ካላላችሁት አይከተልም፤ "ተዛውሯል" የምትል አጭር ገጽ ይዞ ይመጣል። ገጹ 404 ቢሆን እንኳ የስህተት ገጹን ተቀብሎ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል።

ለዚህ ነው የመጫኛ መመሪያዎች ላይ ሰረዝ ኤፍ፣ ኤስ፣ ትልቁ ኤስ፣ ትልቁ ኤል ተያይዘው የምታዩት። ኤፍ ሰርቨሩ ስህተት ከመለሰ ውደቅ ይለዋል። ትንሹ ኤስ ጸጥ በል፣ ትልቁ ኤስ ግን ስህተት ካለ ንገረኝ። ትልቁ ኤል ሊንኩ ወደሄደበት ሂድ። ስክሪፕት ውስጥ ከርል ካስገባችሁ ይህን አራት ፊደል አትለዩት። የወረደውን በቀጥታ ወደ ሼል (ትዕዛዞችን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚያስገባ ትዕዛዝ ካያችሁ ግን መጀመሪያ ፋይል ላይ አስቀምጡና አንብቡት፤ ማንም የጻፈውን ነገር ሳያዩ በማሽን ላይ ማስኬድ ድፍረት ነው።

ደብሊውጌት በሌለበት ማሽን ላይ ከርልም ከቆመበት መቀጠል ይችላል። ሰረዝ ትልቁ ሲ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሌላ ብቸኛ ሰረዝ፣ ከዚያ ትልቁ ኦና ሊንኩ። ሁለተኛዋን ሰረዝ ሰው ይረሳታል፤ "ከየት እንደምትቀጥል ራስህ እይ" ማለት እሷ ናት።

አሁን መላክ። የሠራችሁት አፕ ማሽናችሁ ላይ በፖርት 8000 እየሠራ ነው እንበል፣ ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ልትልኩለት ነው። ሰረዝ ኤችን ተከትሎ ኮንቴንት ታይፑ ጄሰን መሆኑን ትነግሩታላችሁ፣ ሰረዝ ዲን ተከትሎ ዳታውን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ታስገባላችሁ። ሰረዝ ዲ ካለ ጥያቄው በራሱ ፖስት (ዳታ የሚልክ ጥያቄ) ይሆናል። ስለዚህ ሰረዝ ትልቁ ኤክስ ፖስት የሚለው በየመመሪያው የሚደጋገመው ነገር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከትልቁ ኤል ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ በጌት (በማምጣት ጥያቄ) ና ባለው ቦታም ፖስት እያለ ይቀጥላል። ከ2022ቱ 7.82 ቨርዥን ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሰረዝ ጄሰን የሚል አቋራጭ አለ፤ ኮንቴንት ታይፑን ራሱ ያስገባል።

ዳታው ረዘም ካለ ወይም አማርኛ ካለበት ፋይል ውስጥ አስቀምጡትና ከሰረዝ ዲ በኋላ @ እና የፋይሉን ስም ስጡ። የዊንዶውስ ጥቁር ስክሪን ላይ በቀጥታ የተጻፈ አማርኛ ብዙ ጊዜ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ በዩቲኤፍ 8 (አማርኛንም በሚይዘው የፊደል አቀማመጥ) ከተቀመጠ ፋይል ግን እንዳለ ይሄዳል። ሰረዝ ዲ ፋይል ሲያነብ የመስመር ለውጦችን እንደሚያጠፋ እወቁ። ለጄሰን ችግር የለውም። ለግጥም ወይም ለሲኤስቪ ግን ሁለት ሰረዝ ዳታ ሰረዝ ባይነሪ ተጠቀሙ።

አማርኛ ሊንኩ ራሱ ውስጥ ሲገባ ሌላ ጣጣ ነው። "ሰላም" ብላችሁ የምትፈልጉበት ገጽ ቢኖር፣ ያቺ ሦስት ፊደል በዩቲኤፍ 8 ዘጠኝ ባይት ናት፤ እያንዳንዱ ባይት ከፐርሰንት ምልክት ጋር ተቀይሮ ነው መሄድ ያለበት። በእጅ አትሞክሩት። ሰረዝ ትልቁ ጂ እና ሁለት ሰረዝ ዳታ ሰረዝ ዩአርኤልኤንኮድ አብረው ሲገቡ ከርል ራሱ ቀይሮ ሊንኩ መጨረሻ ላይ ይለጥፈዋል።

ፋይል ወይም ፎቶ እንደ ፎርም ለመስቀል ሰረዝ ትልቁ ኤፍ ነው፣ እዚያም የፋይሉ ስም ፊት @ ይገባል።

የከርል ትልቁ ጥቅም ግን፣ ለኔ፣ ሰረዝ ቪ ነው። የሆነውን ሁሉ ያሳያችኋል። በኮከብ የሚጀምሩት መስመሮች የግንኙነቱ ታሪክ ናቸው፤ ስሙ ወደ የትኛው አይፒ እንደተፈታ፣ ሰርተፍኬቱ (የጣቢያውን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰነድ) የማን እንደሆነ። ወደ ቀኝ ባለ ቀስት የሚጀምሩት እናንተ የላካችሁት፣ ወደ ግራ ባለ ቀስት የሚጀምሩት ሰርቨሩ የመለሰው። "አፑ አልሠራ አለ" ተብሎ ሲደወልላችሁ መጀመሪያ የምታስኪዱት ይህን ነው፣ የት ጋ እንደቆመ ማየት ግማሹን ይጨርሳል።

ካቆመ በኋላ ኤኮ $? ብትሉት ቁጥር ይሰጣችኋል። 6 ከሆነ የጣቢያው ስም አልተፈታም፤ ወይ ስሙን ተሳስታችኋል ወይ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚፈታው አገልግሎት) የለም፣ ብዙ ጊዜም ኢንተርኔቱ ራሱ የለም። 7 ከሆነ ስሙ ተፈትቷል ግን መገናኘት አልተቻለም፤ ሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሙ አልተነሳ ይሆናል። 28 ጊዜ አልቋል። 22 ሰረዝ ኤፍ ሲኖር የሚመጣ ነው፣ ሰርቨሩ 400 እና ከዚያ በላይ የሆነ መልስ ሰጥቷል። 60 ደግሞ ሰርተፍኬቱን ማመን አልቻልኩም ማለቱ ነው።

60 ሲመጣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መልስ "ሰረዝ ኬ ጨምርበት" የሚል ነው። አትጨምሩ። ሰረዝ ኬ ማለት መሀል ላይ የገባ ሰው የይለፍ ቃላችሁን ቢያይም ግድ የለኝም ማለት ነው። መጀመሪያ የማሽኑን ቀን እዩ። ባትሪው የሞተ አሮጌ ዴስክቶፕ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያኔ የዛሬ ሰርተፍኬት ሁሉ "ገና ያልጀመረ" ይሆንበታል። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ያስገባ ካለም ውጤቱ ያው ነው።

5. የራሳችሁ ሰርቨር ከሆነ፦ ኤስሲፒ ለአንዲት ፋይል፣ አርሲንክ ለቀረው

በኤስኤስኤች የምትገቡበት ማሽን ካለ ኤፍቲፒን (የድሮውን የፋይል መላኪያ መንገድ) እርሱት፤ ተራው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃላችሁን ሳይሸፍን ነው የሚልከው። አንዲት ትንሽ ፋይል ለመላክ ኤስሲፒ ይበቃል፦ ኤስሲፒ፣ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ የተጠቃሚው ስም፣ @፣ የሰርቨሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ የሚቀመጥበት ቦታ። ሁለት ነጥቧ ላቲን ላይ ያለችው አንዷ ከላይ አንዷ ከታች የሆነችው ናት። እሷን ከረሳችሁ ምንም ስህተት ላይመጣ ይችላል፤ ፋይሉ እዚያው እናንተው ማሽን ላይ በሰርቨሩ ስም ይባዛል። "ልኬዋለሁ፣ እዚያ ግን የለም" የሚል ሰው ካለ ፎልደሩን እንዲያይ ንገሩት።

ፖርቱ የተቀየረ ከሆነ ኤስኤስኤች ላይ ትንሹ ፒ፣ ኤስሲፒ ላይ ትልቁ ፒ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ኤስሲፒ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ከጥቂት ሜጋባይት ላለፈ ነገር፣ ወይም ነገም ለምትደግሙት ነገር፣ አርሲንክ ይሁን። አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ በ1996 ያወጡት ነው፣ ብልሃቱም እስከ ዛሬ አልተሻረም፦ በሁለቱም ጎን ያለውን አወዳድሮ የተለወጠውን ብቻ ይልካል። 2 ጊጋ የሆነ የዳታቤዝ ባክአፕ ውስጥ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ከተቀየረ፣ የሚሄደው በዚያው ልክ ነው። በሁለቱም ማሽኖች ላይ መጫን አለበት፣ ይህን አትርሱ።

የዘወትር ቀመሩ ሰረዝ ኤ፣ ቪ፣ ትልቁ ፒ ነው። ኤ ፎልደሩን ከነውስጡ፣ ከነቀኑና ከነፈቃዱ ይወስዳል። ቪ የሚሠራውን ይነግራችኋል። ትልቁ ፒ በግማሽ የቀረውን ፋይል ሳያጠፋ ያስቀምጥና ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ ያሳያል። ዚ ጨምቆ ይልካል፤ ጽሑፍና ኮድ ላይ ጥሩ ነው፣ ፎቶና ቪዲዮ ላይ ግን ፕሮሰሰሩን ማድከም ብቻ ነው፣ እነሱ ድሮም የተጨመቁ ናቸው።

አሁን ወደ ዘንባላዋ መስመር፣ ወደ /። የምትልኩት ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ / ካለች የሚሄደው የፎልደሩ ውስጥ ነው። ከሌለች ፎልደሩ ራሱ ነው። "ፎቶ" የሚል ፎልደር ሰርቨሩ ላይ "ፎቶ" ወደሚል ፎልደር ያለ / ስትልኩት፣ ፎቶ ውስጥ ሌላ ፎቶ ይፈጠራል። በራሱ አይጎዳም። ተቃራኒው ስህተት ከሁለት ሰረዝ ዲሊት ጋር ሲሆን ነው ጉዱ። ዲሊት ማለት እኔ ጋ የሌለውን እዚያም አጥፋ ማለት ነው፤ ፎልደሩን ራሱን ልትልኩ ፈልጋችሁ በስህተት / ከጨመራችሁ፣ የሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ የነበረውን ሌላ ነገር ሁሉ "እዚህ የለም" ብሎ ጠርጎ ያጠፋዋል። ስለዚህ ዲሊት ያለበት ትዕዛዝ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሰረዝ ኤን ተጨምሮበት ይሂድ። ኤን ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ብቻ ይዘረዝራል። አንብቡት፣ ካማራችሁ ኤንን አውጡና ድገሙት።

ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አርሲንክ ራሱ ደጋግሞ አይሞክርም፣ ይወድቃል። መፍትሔው የሼል ድግግሞሽ ነው፦ አንቲል ብላችሁ ሙሉውን የአርሲንክ ትዕዛዝ፣ ነጠላ ሰረዝ በነጥብ (;)፣ ዱ ስሊፕ 30፣ እንደገና ነጠላ ሰረዝ በነጥብ፣ ደን። እስኪሳካ ድረስ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል። ይህን የምታደርጉት ግን በኤስኤስኤች ቁልፍ የምትገቡ ከሆነ ነው፤ አለበለዚያ በየሙከራው የይለፍ ቃል እየጠየቀ ሌሊቱን ሙሉ እናንተን ይጠብቃል።

6. ፖርት ለማየትና ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ

ዳታቤዙ አልገናኝ አለ፣ ፋየርዎል ነው ወይስ ዳታቤዙ ራሱ አልተነሳም? ኔትካት፣ ሰረዝ ዚ ቪ፣ ሰረዝ ደብሊው 3፣ የሰርቨሩ ስም፣ 5432 (የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፖርት ነው)። ሰክሲድድ ካለ ክፍት ነው። ወዲያው ሪፊዩዝድ ካለ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ ከወጣ መሀል ላይ የሚውጠው ነገር አለ፤ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ተጠራጠሩ። በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልከው መንገድ)፣ ማለትም ሰረዝ ዩ ሲጨመር፣ ሰክሲድድ ማለቱን አትመኑት፤ መልስ ስላልመጣ ብቻ ክፍት ነው ይላል።

በኔትካት ፋይልም መላክ ይቻላል። ተቀባዩ ማሽን ላይ ኔትካት ሰረዝ ኤል 9000 ብላችሁ በ> ወደ ፋይል ታስገባላችሁ፣ ላኪው ላይ ኔትካት፣ የተቀባዩ አይፒ፣ 9000፣ ከዚያ በ< ፋይሉን። ችግሩ ኔትካት የሚባለው አንድ ፕሮግራም አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ላይ ከኤል በኋላ ሰረዝ ፒ ካልጨመራችሁ አይሰማም፤ ፋይሉ ካለቀ በኋላም አንዱ በትልቁ ኤን፣ ሌላው በኪው 0 ካልሆነ አይዘጋም፣ እናንተም አልቋል አላለቀም እያላችሁ ታያላችሁ። ምስጠራም የለውም፣ ማረጋገጫም የለውም። ለፖርት እንጂ ለፋይል አልመክረውም።

በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ሁለት ማሽኖች ከሱ የሚቀለው ፓይተን ነው። የምትልኩት ፋይል ብቻ ያለበት ፎልደር አዘጋጁ፣ እዚያ ገብታችሁ ፓይተን 3፣ ሰረዝ ኤም፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር፣ 8000። ሌላው ሰው የእናንተን አይፒ፣ ሁለት ነጥብና 8000 ብሮውዘሩ ላይ ይጻፍ፤ ስልክም ቢሆን ይሠራል። አይፒውን ሊኑክስ ላይ ሆስትኔም ሰረዝ ትልቁ አይ ይነግራችኋል። የፎልደሩ ውስጥ በዚያ ኔትወርክ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የተከፈተ ስለሆነ ካፌ ውስጥ አታድርጉት፤ የቤት ፎልደራችሁ ላይ ቆማችሁማ ፈጽሞ።

አልገናኝ ካለ ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የተዘጋ ነው። የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱ፣ ሞባይል ዳታውን አጥፉት፣ ሁለቱንም ላፕቶፖች እሱ ላይ አገናኙ። ፋይሉ በስልኩ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ ኢንተርኔት አይነካም፣ ስለዚህ 20 ጊጋ ብትልኩም ከፓኬጃችሁ አንድ ሜጋ አይቀነስም። ሲያልቅ ፓይተኑ ያለበት ተርሚናል ላይ ኮንትሮልና ሲ ተጫኑ፣ ይዘጋል።